ቁርጥ ዋጋና ግብር፤ በጌጫና በአካባቢው የቡና አገር በራሱ ኃላፊነት የሚሠራ ሰው አጭር ታሪክ

መግቢያ

ከጎሬ ተነሥቶ ወደ ቴፒ የሚወርደው መንገድ ማሻን ካለፈ በኋላ ጌጫ ይደርሳል። ጌጫ ዛሬ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል፣ በሸካ ዞን፣ የአንድራቻ ወረዳ ከተማ ናት። በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዘመን ግን አገሩ በኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት በሞቻ አውራጃ ውስጥ ይቈጠር ነበር። የአገሩ ሕዝብ ራሱን ሸካቾ ብሎ ይጠራል፤ ሞቻ የሚለው ስም በቀድሞ መጻሕፍት ተጽፎ የሚገኝ ነው። ምድሩ ደን የሞላበት፣ ዝናብ የማይለየው፣ ማርና ቡና፣ ኮረሪማና ጥምዝ የሚገኝበት ነው።

ስለዚህ አገር እስካሁን የተጻፈው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ነገሥታት፣ ስለ ዘመቻ፣ ስለ ባላባትና ስለ ገባር ነው። ስለ ቡና የሚጽፉትም ወይ ስለ ባለ መሬቱ ወይ ስለ ነጋዴው ይጽፋሉ። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ግን ሌላ ሰው አለ። ይህ ሰው መሬት የለውም፤ ወይም መሬቱ ለኑሮው አይበቃውም። የማንም ደመወዝተኛ አይደለም፤ ሱቅም የለውም። አንዱን ሥራ በቁርጥ ዋጋ ይይዝና በራሱ በቅሎ፣ በራሱ ገጀራ፣ በራሱ ስንቅ ይፈጽመዋል። ቡናን ከጫካ ወደ ገበያ ያደረሰው፣ እርሻን የመነጠረው፣ ቀፎን ከረጅም ዛፍ ላይ የሰቀለው ብዙውን ጊዜ ይኸው ሰው ነው።

በዚህ ጽሑፍ ሦስት ጥያቄዎችን እንመረምራለን። አንደኛው፣ የዚህ ሰው ዋጋ እንዴት ይቈረጥ ነበር? ሁለተኛው፣ ከዋጋው ላይ ግብር በምን ዓይነት ተጠየቀ? ሦስተኛው፣ ሕግ በምን ስም አወቀው? የምንደርስበትን አስቀድመን ብንናገር፣ ሐሳባችን ይህ ነው። መንግሥታት ተለዋውጠዋል፤ ሕጎችም ተሻሽለዋል፤ ነገር ግን ግብር ጠያቂው ዘወትር የተቈረጠውን ዋጋ ማየት ሲቀለው፣ ከዋጋው ውስጥ የወጣውን ወጪ ማየት ግን ተቸግሯል። በራሱ የሚሠራ ሰው ትርፉና ኪሳራው ያለው በዚህ ልዩነት ውስጥ ስለ ሆነ፣ የነፃነቱም መለኪያ ይኸው ነው። በጽሑፉ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

1. ደመወዝ፣ ኪራይና ቁርጥ

ቋንቋችን የሰውን ድካም ዋጋ በሦስት ቃላት ለይቶ ይጠራል። ደመወዝ በዕለት ወይም በወር ለተቀጠረ ሰው የሚከፈል ነው፤ ኪራይ ለበቅሎ፣ ለቤት ወይም ለዕቃ የሚከፈል ነው፤ ቁርጥ ግን ለተፈጸመ ሥራ የሚከፈል ነው። ሁለቱ ወገኖች ተከራክረው ዋጋውን «ይቈርጣሉ»፤ ከተቈረጠ በኋላ ዝናብ ቢበረታ፣ ወንዝ ቢሞላ፣ ሥራው ሁለት ሳምንት ይወስዳል ሲባል አራት ቢወስድ ዋጋው አይጨምርም። ተቋራጭ የሚለው የዛሬው ቃል የተገኘው ከዚሁ ግሥ ነው።

የዕለት ሠራተኛ ከጥንት ጀምሮ ጠባቂ ሕግ አለው። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 19 የሙያተኛ ደመወዝ ሳይከፈል እንዳያድር ያዝዛል፤ ይህም ትእዛዝ በአገራችን በካህናትና በሽማግሌዎች አፍ ሲነገር የኖረ ነው። የቁርጥ ሠራተኛ ግን ሥራውን እስኪጨርስ ድረስ የሚጠይቀው ደመወዝ ስለሌለው በዚህ ትእዛዝ ጥላ ሥር በቀጥታ አይገባም። እርሱን የጠበቁት ሁለት የአገር ልማዶች ናቸው። አንደኛው ቀብድ ነው፤ ይኸውም ሥራው ከመጀመሩ በፊት ለስንቅና ለመሣሪያ የሚሰጠው ገንዘብ ነው። ሁለተኛው ዋስ ነው። ዋስ ግን ከሠራተኛው ይልቅ አሠሪውን የሚጠብቅ ነበር፤ ሠራተኛው ቢጠፋ ወይም ዕቃው ቢጐድል የሚከፍለው ዋሱ ነውና። ስለዚህ ዋስ የሚሆን ዘመድ ወይም ጌታ የሌለው መጻተኛ ሥራ ቢያውቅም እንኳ ሥራ ለማግኘት ይቸገር ነበር።

የቁርጥን ጠባይ ለማስረዳት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በቡና አገር የቆየው መመዘኛ ፈረሱላ ሲሆን፣ አንዱ ፈረሱላ 17 ኪሎ ያህል ነው። አንድ በቅሎ 5 ፈረሱላ፣ ማለትም 85 ኪሎ ቢጫን፣ አጋሰስ ነጂው ዋጋውን የሚቈርጠው በፈረሱላ ወይም በጭነት ነው። ከዚህ ዋጋ ላይ የበቅሎውን እህል፣ የረዳቱን ስንቅ፣ የጭነት ኮርቻውን እድሳት፣ የወንዝ አሻጋሪውን ዋጋና የኬላውን ቀረጥ ይከፍላል። በቅሎው ቢሞት ኪሳራው የእርሱ ነው፤ ሲመለስ የሚጫን ዕቃ ካላገኘም የመመለሻው መንገድ ያለ ዋጋ የሚሄድበት ነው። እንግዲህ አንድ ሰው 10 ብር ተቈረጠለት ሲባል 10 ብር አገኘ ማለት አይደለም። ይህን መለየት ቀላል መስሎ ቢታይም፣ ከዚህ በታች እንደምናየው የግብር ታሪክ ሁሉ የተሰናከለው በዚሁ ነገር ላይ ነው።

የገንዘቡም ዓይነት ራሱ ሸክም ነበር። በደቡብ ምዕራብ አገር አሞሌ ጨውና የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ይሠራባቸው ነበር። አንዱ ጠገራ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ስለዚህ 3,000 ብር 84 ኪሎ ይሆናል፤ ይኸውም የአንድ በቅሎ ጭነት ነው። ብዙ ቡና የሚገዛ ነጋዴ ቡናውን ለማውረድ ብቻ ሳይሆን ገንዘቡንም ለማውጣት አጋሰስ ነጂ ያስፈልገው ነበር።

2. ሰው በጌታው ሲታወቅ

የካፋ መንግሥት በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተሸንፎ ንጉሡ ጋኪ ሻሮቾ የተያዘው በ1890 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። የሸካም አገር በእነዚያው ዓመታት በዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት ሥር ገባ። ከዚያ በፊት በሸካ ደን ውስጥ ‹ኮቦ› የሚባል የደን ድርሻ ነበር፤ ባለ ኮቦው ቀፎውን የሚሰቅለው፣ ማሩን የሚቈርጠው በዚያ በታወቀው ድርሻው ውስጥ ነው። ይህ ልማድ ከመንግሥታት መለዋወጥ በኋላም አልጠፋም።

አዲሱ አስተዳደር ገበሬውን ለወታደርና ለሹም ገባር አድርጎ ደለደለው። ገባሩ እህልና ማር ከመስጠት ሌላ በጉልበቱ ማገልገል ነበረበት፤ የጌታውን ቤት መሥራት፣ እንጨት መልቀም፣ ስንቁንና ዕቃውን መሸከም ግዴታው ነበር። ለጽሑፋችን ዋና የሆነው ነገር ይህ ነው። ጭነት መሸከም በግዴታ ያለ ዋጋ የሚሠራ በሆነበት አገር በቁርጥ ዋጋ የሚሸከም ሰው ገበያው ጠባብ ይሆናል፤ ሹሙ በነፃ የሚያገኘውን ነገር አይገዛምና። በገንዘብ የሚያሠራው ገባር ያልተሰጠው ነጋዴ ብቻ ነው።

ከገባርነትም የከፋ ነገር ነበር። በካፋ፣ በማጂና በአጐራባቾቹ አገሮች የባሪያ ፈንጋዮች ሕዝቡን አሳነሡት። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ በዚያው ዓመት ባሪያዎችን ቀስ በቀስ ነፃ የሚያወጣ አዋጅ ወጣ፤ ባርነት ፈጽሞ በሕግ የተሻረው ግን ከነፃነት በኋላ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። ሰውነቱ ራሱ ሊሸጥ በሚችልበት መንገድ ላይ ብቻውን የሚሄድ ነፃ ሠራተኛ ዋጋውን በእኩልነት ሊከራከር አይችልም። በሲራራ ተሰብስቦ መሄድ፣ ወይም የታላቅ ነጋዴን ወይም የሹምን ስም መጠጋት የግድ ነበር። «የማን ሰው ነህ?» የሚለው ጥያቄ «ምን ትሠራለህ?» ከሚለው ይቀድም ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አንጥረኛውንና ሸማኔውን፣ ፋቂውንና ሌላውን የእጅ ሠራተኛ በሥራው የሚሰድበውን ሰው የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ስለ ዋጋም ስለ ግብርም ባይደነግግም፣ በእጁ የሚሠራ ሰው በሥራው እንዲከበር መንግሥት የተናገረበት በመሆኑ በታሪካችን ትልቅ ስፍራ አለው።

3. የጎሬና የጋምቤላ መንገድ

በግንቦት 1894 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ዳግማዊ ምኒልክ ለእንግሊዝ መንግሥት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት በኪራይ ሰጡ፤ ስፋቱም ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ከዚህ የተነሣ ጋምቤላ የምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና በር ሆነች። ጎሬም የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች የሚኖሩባት፣ ነጋድራስ የሚቀመጥባት የንግድ ከተማ ሆነች። ከሸካ አገር የሚወጣው ቡናና ሰም በማሻ በኩል ወደ ጎሬ፣ ከጎሬም ወደ ጋምቤላ ይሄድ ነበር።

የዚህ መንገድ ጠባይ የቁርጥ ሠራተኛውን ኑሮ ወሰነው። መርከብ በባሮ ላይ የምትሄደው በክረምት ውኃው ሲሞላ ብቻ ነው፤ በቅሎ በደህና የሚሄደው ግን በበጋ ነው። ስለዚህ ቡናው በበጋ ወርዶ መርከብ እስክትመጣ በጋምቤላ መጋዘን ይቈይ ነበር። አጋሰስ ነጂው ሥራ የሚያገኘው በበጋ ወራት ብቻ ስለ ሆነ የዓመቱን ኑሮ በእነዚያ ወራት ማግኘት ነበረበት። ነጋዴውም ይህን ስለሚያውቅ በክረምት ሲቸገር ቀብድ እየሰጠ የበጋውን ዋጋ አስቀድሞ ይቈርጥ ነበር። በችግር ቀን የተቈረጠ ዋጋ ዝቅ ያለ መሆኑ አያስደንቅም። ይህ ዓይነት ቀብድ በቡና አገር ዛሬም አልጠፋም፤ ቡናው በዛፍ ላይ ሳለ ዋጋው ይቈረጣል።

ግብሩ ደግሞ በኬላ የሚከፈለው ቀረጥ ነበር። ኬላው የሚቀርጠው ዕቃውን ነው፤ ሰውየው ከጉዞው ማትረፉን አይጠይቅም። ቀረጡን ነጋዴው ይክፈል ወይስ አጋሰስ ነጂው የሚለው በውሉ ቃል የሚወሰን ነበር። ውሉ በቃል ብቻ ሲሆንና ኬላው አንድ ሳይሆን ብዙ ሲሆን፣ በመንገድ ላይ የተጨመረው ሁሉ በያዘው ሰው ላይ ይወድቃል፤ የያዘው ሰው ደግሞ ነጂው ነው።

ከነፃነት በኋላ ጉምሩክ በአንድ ሕግ ሲጠቃለል የውስጥ ኬላ ችግር ቀለለ። ሱዳን ነፃ ስትወጣ የጋምቤላው ጣቢያ በ1949 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዳግላስ አውሮፕላኖች ቡና ይጭኑ ጀመር። አውሮፕላኑ ረጅሙን የሲራራ መንገድ ቢያሳጥረውም በቅሎን ከሥራ አላስወጣም፤ ከደኑ እስከ አውሮፕላኑ ሜዳ ያለውን ጭቃ የሚያልፈው በቅሎ ብቻ ነበርና።

4. ግብር ሰውየውን ሲፈልገው

የነጋሪት ጋዜጣ በ1934 ዓ.ም. መታተም ሲጀምር ግብር በጽሑፍ ሕግ መታወቅ ጀመረ። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ቁጥር 70 የተለካውን መሬት ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ ከፈለው። በአንድ ጋሻ ለም መሬት ላይ 15 ብር ግብርና ስለ አሥራት 35 ብር፣ በለም ጠፍ 10 ብርና 30 ብር፣ በጠፍ 5 ብርና 10 ብር ተወሰነ። ይህ ሕግ የሚያውቀው መሬትን ነው። መሬት የሌለው አጋሰስ ነጂ በዚህ አዋጅ ፊት የለም፤ የሚገኘውም በባለ መሬቱ ጭሰኛነት ብቻ ነው።

በራሱ ሥራ የሚኖረውን ሰው በቀጥታ የፈለገው የግልና የንግድ ሥራ ግብር ነው። በ1936 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 60 ወጣ፤ በ1941 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 107 ተተካ፤ ከዚያም በ1953 ዓ.ም. የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 173 ታወጀ። ይህ የመጨረሻው አዋጅ ለ40 ዓመታት ያህል እየተሻሻለ የሠራ ስለ ሆነ ጥቂት ልንቈይበት ይገባል።

አዋጁ ገቢን በሠንጠረዥ ለየው። ሠንጠረዥ ሀ የተቀጣሪ ደመወዝ ነው፤ ሠንጠረዥ ለ የኪራይ ገቢ ነው፤ ሠንጠረዥ ሐ የንግድ፣ የሙያና የሌላ ሥራ ገቢ ነው። አንባቢ እንደሚመለከተው፣ እነዚህ ሦስቱ ከላይ ካየናቸው ከደመወዝ፣ ከኪራይና ከቁርጥ ጋር ይመሳሰላሉ። የደመወዝተኛውን ግብር አሠሪው ቀንሶ ያስገባል። በሠንጠረዥ ሐ ያለው ሰው ግን ራሱ ገቢውን ያስታውቃል፤ ግብሩም የሚታሰበው ወጪው ከተቀነሰ በኋላ በቀረው ትርፍ ላይ ነው። በጽሑፍ ሲታይ ይህ ለቁርጥ ሠራተኛው ፍትሕ ነው፤ የበቅሎው እህልና የረዳቱ ስንቅ ሊቀነስለት ነውና።

ነገር ግን ወጪን የሚያስቀንሰው መዝገብ ነው። መዝገብ የሌለው ሰው ግብሩ በግምት ይወሰናል። በሸካ ጫካ ውስጥ ቡና የሚጭን፣ መጻፍ ያልተማረ ሰው ከማን ደረሰኝ ይቀበላል? እህል የሸጠችለት ባልቴት ደረሰኝ አትሰጥም፤ ወንዝ ያሻገረውም ዋናተኛ አይፈርምለትም። ስለዚህ ሕጉ የሰጠውን መብት ኑሮው ነሣው።

ግምት ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አልነበረም። የአሥራት ገማቾች በአውድማ ላይ እየቆሙ እህሉን በዓይን ይገምቱ ነበር። አሥራት በኅዳር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255 ሲወጣ ቀረ፤ ሆኖም አዲሱ ግብር ራሱ ለብዙው ገበሬ የሚሰላው በግምት ነበር። ገማች ሁልጊዜ ጨካኝ ነው ማለታችን አይደለም፤ ገማች የሚያየው የሚታየውን ነው ማለታችን ነው። ክምሩ ይታያል፤ ለዘር የተበደሩት አይታይም። ጭነቱ ይታያል፤ በመንገድ የሞተው በቅሎ አይታይም።

5. የ1952 ዓ.ም. ሕጎች

በሚያዝያ 1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግና የንግድ ሕግ ታወጁ፤ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮም ጸኑ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2512 የተቀጣሪ ውል ተተርጕሟል፤ ይኸውም ሠራተኛው በአሠሪው አመራር ሥር ሆኖ ደመወዝ እየተቀበለ የሚሠራበት ነው። በቁጥር 2610 ደግሞ አንዱ ወገን በራሱ ኃላፊነት አንድ የተወሰነ ውጤት ለማስገኘት፣ ሌላው ወገን ዋጋውን ለመክፈል የሚዋዋሉበት ውል ተደነገገ። ይህ ያለ ጥርጥር የቁርጥ ውል ነው። የአገር ልማድ ለብዙ ዘመን በቀብድና በዋስ ይዞት የነበረው ነገር አሁን የጽሑፍ ሕግ ስም አገኘ። ሰውየውም «የማን ሰው ነህ?» ተብሎ መጠየቁ ቀርቶ «ምን ውጤት ለማስገኘት ተዋዋልህ?» ተብሎ የሚጠየቅ ሆነ።

የንግድ ሕጉ ደግሞ ሌላ ልዩነት አመጣ። ዕቃ ወይም ሰው ማጓጓዝን ሙያው አድርጎ ለትርፍ የሚሠራውን ሰው ከነጋዴዎች ቈጠረው። በእጁ ሥራ የሚተዳደረውን የእጅ ጥበበኛ ግን፣ በቤተሰቡና በጥቂት ረዳቶች ብቻ እየታገዘ የሚሠራ እስከ ሆነ ድረስ፣ ነጋዴ አላለውም። እንግዲህ በጌጫ ገበያ ጐን ለጐን የሚቀመጡ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ሸማኔ ሌላው የአጋሰስ ባለቤት፣ ገቢያቸው እኩል ቢሆን እንኳ በሕግ ፊት አንዱ ነጋዴ፣ ሌላው ነጋዴ ያልሆነ ሊሆኑ ነው። ነጋዴ የሆነው ሰው መዝገብ እንዲይዝና በንግድ መዝገብ እንዲገባ ይጠበቅበታል።

በ1956 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት አዋጅ ቁጥር 210 ለተቀጣሪ ሠራተኞች በማኅበር የመደራጀትን መንገድ ከፈተ። የቁርጥ ሠራተኛ ግን ተቀጣሪ ስላይደለ የዚህ አዋጅ ልጅ አልሆነም። በዚህ ዘመን ነገሩ ተለይቶ ታወቀ፤ በራሱ ኃላፊነት የሚሠራ ሰው ከሠራተኛ ሕግ ውጭ ነው፣ በንግድ ሕግም ውስጥ የገባው በከፊል ነው፣ በግብር ሕግ ግን በሙሉ ውስጥ ነው።

6. ቅጥር ሲከለከል

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ጭሰኝነትን ሻረ፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠውም መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። በሸካና በጊሚራ ያለ ጭሰኛ በዚህ አዋጅ ያገኘው ዕረፍት የሚካድ አይደለም። ይኸው አዋጅ ግን መሬትን በቅጥር ጉልበት ማሠራትን ከለከለ፤ የተፈቀደው ለሽማግሌ፣ ለበሽተኛ፣ ለብቻዋ ለምትኖር ሴት፣ ለሙት ልጅና ይህን ለመሰሉት ብቻ ነው።

የክልከላው ዓላማ ባለ ሀብት በድኻ ጉልበት እንዳይከብር ነበር። በቡና አገር ግን መከሩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሚለቀም ስለ ሆነ የአንድ ቤተሰብ እጅ አይበቃውም። ቀድሞ በደን ቡና አገር ለቃሚው ከለቀመው ላይ በእኩል ወይም በሲሶ ይካፈል ነበር። አዋጁ ከወጣ በኋላ በግል የሚያሠራ ሰው በሕግ ሲጠብ፣ ታላቁ አሠሪ መንግሥት ራሱ ሆነ። በቤበቃና በቴፒ የተስፋፉት የመንግሥት የቡና እርሻዎች ለቃሚውን በኪሎ ይከፍሉት ነበር። የኪሎ ክፍያ መልኩ እንደ ቁርጥ ነው፤ ባሕርዩ ግን ቁርጥ አይደለም፤ ዋጋውን ለቃሚው ተከራክሮ አልቈረጠውምና። ይህ ነጥብ ለዛሬም ይጠቅማል፤ በሥራ ብዛት የሚከፈለው ሰው ሁሉ በራሱ የሚተዳደር ሰው አይደለም። ክልከላው የላላው መንግሥት በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚን ባወጀ ጊዜ ነው።

7. ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ በአገሩ የግል የቡና እርሻዎች ተከፈቱ፤ በአንድራቻ ወረዳ የሚገኘው የጌማድሮ እርሻ ከእነዚህ አንዱ ነው። በገጠሩም ሆነ በከተማው የቁርጥ ሥራ ዓይነቱ በዛ። የቡና ማሳ በቁርጥ ይመነጠራል፤ ቤት በቁርጥ ይሠራል፤ በቅሎ በማይደርስበት ጊዜም ሞተር ብስክሌት ያለው ወጣት ጆንያ በቁርጥ ያመላልሳል። የቡና ሰብሳቢው ደግሞ ከአቅራቢው ገንዘብ ተቀብሎ ከገበሬ እየገዛ በኪሎ ድርሻውን ይወስዳል፤ ተቀጣሪም አይደለም፣ በራሱ ገንዘብ የሚነግድም አይደለም።

የሥራ ሕጉ አቋሙን አልለወጠም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በራሱ የንግድ ሥራ ወይም የሙያ ኃላፊነት ዋጋ ተቀብሎ የሚሠራውን ሰው ከአዋጁ ተፈጻሚነት ውጭ አድርጎታል። ስለዚህ የዓመት ፈቃድ፣ የጉዳት ካሣና የሥራ ስንብት ክፍያ አይደርሱትም። በግል ድርጅት የተቀጠረ ሰው ጡረታ ሲዋጣለት አሠሪው ከደመወዙ 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ፤ ለቁርጥ ሠራተኛው ግን 11 በመቶ የሚጨምርለት ማንም የለም። እንግዲህ ቁርጥ ዋጋ ከደመወዝ ከፍ ያለ መስሎ ቢታይ፣ ከፍ ማለት ያለበት ስለዚህ ነው።

የግብሩን ነገር ስንመለከት፣ በ1994 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 286 የ1953ቱን አዋጅ ተክቶ ነጋዴዎችን ደረጃ ሀ፣ ለ እና ሐ ብሎ ከፈላቸው፤ የዓመት ሽያጩ ከ100,000 ብር የማይበልጠው ሰው በደረጃ ሐ ሆኖ በቁርጥ ግብር እንዲከፍል አደረገ። በ2008 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 979 ወሰኑን ወደ 500,000 ብር ከፍ አደረገው። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የዕለት ገቢ ግምት ሲታወቅ እንደ አምቦና ወሊሶ ባሉ ከተሞች ሱቆች የተዘጉት፣ ገማችና ተገማች ስለ ወጪ ስላልተስማሙ ነው። የአውድማው ክርክር ወደ ከተማ መጣ ማለት ይቻላል።

በ2008ቱ አዋጅ ውስጥ በራሱ ለሚሠራ ሰው ከሁሉ የሚከብደው ድንጋጌ ግን ሌላ ነው። ድርጅት ለአገልግሎት ከ3,000 ብር በላይ ሲከፍል 2 በመቶ ቀንሶ ለመንግሥት እንዲያስገባ ታዘዘ። ሰውየው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የንግድ ፈቃድ ካላቀረበ ግን ተቀናሹ 30 በመቶ እንዲሆን ተወሰነ። በምሳሌ እናስላው። አንድ ሰው ቡና ለማመላለስ 10,000 ብር ተቈረጠለት፤ ለነዳጅ፣ ለረዳትና ለጥገና 7,000 ብር አወጣ፤ ትርፉ 3,000 ብር ነው። የተመዘገበ ቢሆን 200 ብር ይቀነስበታል፤ ያም በዓመቱ መጨረሻ ከሚፈለግበት ግብር ላይ ይታሰብለታል። ያልተመዘገበ ከሆነ 3,000 ብር ይቀነሳል፤ የድካሙ ትርፍ በሙሉ ሄደ ማለት ነው። 30 በመቶው የተሰላው በትርፉ ላይ ሳይሆን በቁርጡ ላይ ነውና። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1395 ተሻሽሎ የደረጃዎቹ አከፋፈልና የተቀናሹ መጠን ተለውጧል፤ ነገር ግን ክፍያን ከምንጩ የመያዝ መሠረተ ሐሳብ ጸንቶ ይገኛል።

በሌላ ወገን ሕጉ ለዚህ ሰው አዲስ በር ከፍቶለታል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243 አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። በቀድሞው ዘመን በቅሎው ሞቶ የሰው ቡና ወንዝ ቢወስደው ነጂው በንብረቱ ሁሉ፣ ከእርሱም ጋር ዋሱ ይያዙ ነበር። አሁን ሥራውን ከቤቱ ንብረት መለየት የሚቻልበት መንገድ በሕግ አለ። መንገዱ ግን መዝገብ ለሚይዝ፣ ቢሮ ለሚመላለስ ሰው ነው፤ ለሁለት ወር መከር ብቻ ለሚሠራው አጋሰስ ነጂ ቅርብ አይደለም።

መደምደሚያ

ከላይ እንዳየነው፣ በጌጫና በአካባቢው በራሱ ኃላፊነት የሚሠራ ሰው በመጀመሪያ በጌታው ስም፣ ቀጥሎ በሚጭነው ዕቃ፣ ቀጥሎም በገማች ዓይን፣ በመጨረሻም በመለያ ቁጥሩ ታወቀ። እያንዳንዱ እርምጃ ከቀድሞው የተሻለ ነው። ገባር ከመሆን ግብር ከፋይ መሆን የሚበልጥ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ግብር ከፋይ ሰው ደረሰኝ ይዞ መከራከር ይችላልና። በሁሉም ዘመን ግን ያልተፈታ አንድ ነገር ቀርቷል፤ ይኸውም የወጪው ነገር ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገሮችን ለማሳሰብ እንወዳለን። አንደኛው ለሥራው ባለቤቶች ነው። የተማረ ወጣት በሞላበት በዛሬው ጊዜ በየጉዞው የወጣውን ወጪ በደብተር መጻፍ ከባድ አይደለም፤ ዋጋ ሲቈረጥም ቀረጡን፣ ተቀናሹንና የመመለሻውን መንገድ ማን እንደሚችል በጽሑፍ መወሰን ከብዙ ክርክር ያድናል። ሁለተኛው ለታሪክ ተማሪዎች ነው። በጎሬ፣ በማሻና በሚዛን ፍርድ ቤቶች ስለ ጠፋ ጭነት፣ ስለ ቀብድና ስለ ዋስ የተደረጉ ክርክሮች መዝገብ የዚህ ሰው ታሪክ ዋና ምንጭ ሊሆን የሚችል ነው። እርጥበትና ምስጥ ከመጨረሳቸው በፊት ቢመረመሩ፣ የቡናን ታሪክ ከባለ መሬቱና ከነጋዴው ወገን ብቻ ሳይሆን ከተሸከመውም ሰው ወገን ለመጻፍ ይቻላል።